ምስሉ ሲቆም

ሰው ሳያውቀው በሙሉ ልቡ የሚሳደበው ኔትወርክን ይመስለኛል። ሐኪም ስንሳደብ ቢያንስ ነጭ ጋዋን ለብሶ አይተነዋል። ኔትወርክን ግን ያየው የለም። ያም ሆኖ ሆሳዕና ውስጥ ስልኩን ወደ ሰማይ አንስቶ «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነ?» ያላለ ሰው አላገኘሁም። እናንተም ብላችኋል። ስልኩ አንድ ክንድ ወደ ሰማይ ይቀርባል፤ ታወሩ ግን ወዲያ ማዶ ኮረብታው ላይ ነው።

እኔም እንደ እናንተው ስሳደብ እኖር ነበር። ሥራዬ ብየዳ ነው፤ በርና መስኮት እሠራለሁ። የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው፤ የፊዚክስ ውጤቴን ባልነግራችሁ ይሻላል። ኔትወርክን እንዳጠና ያደረጉኝ አማቴ ናቸው።

ባለቤቴ ካረፈች ዘጠኝ ወር ሆናት። ልጃችን ምሕረት ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። ለቅሶው ሲያልቅ አማቴ «ልጅቷን እኔ ጋ አንጋጫ ወስጄ ላሳድጋት» አሉ። እኔ አይሆንም አልኩ። ሽማግሌ ፊት ተቀመጥንና እንዲህ ተባለ፦ ልጅቷ አባቷ ጋ ትቆይ፤ አያቷ በየእሁዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በቪዲዮ ይዩዋት፤ የጎደለባት ነገር ካለ ይውሰዷት። ሁላችንም ተስማማን። ኔትወርኩን ያማከረ ሽማግሌ ግን አልነበረም።

ይኸውላችሁ፣ በእኛ አካባቢ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ሁሉ ደቡብ አፍሪካ ነው። እግሩ እዚህ ይቁም እንጂ ዓይኑ እዚያ ነው። አንዱ ለሥራ እዚያ የሄደ ወንድሙ ጋ ይደውላል፣ አንዷ ባሏ ጋ፣ አንዷ ልጇ ጋ፤ ሁሉም በቪዲዮ። የእኛም ጥሪ እዚያ ግርግር ውስጥ ገባ። ምስሉ ሁለት ጊዜ ነቅነቅ ይልና ቀጥ ይላል። ቀጥ የሚለው ደግሞ ምሕረት ስታዛጋ ወይም አፏን ለሳቅ ስትከፍት ነው። ድምፁ ይቀጥላል።

«አፏ ተከፍቶ ይታየኛል። ለምን ታለቅሳለች?» ይላሉ አማቴ።

«እየሳቀች ነው፣ እማማ።»

«አምስት ደቂቃ ሙሉ አፍ ተከፍቶ ይሳቃል? ፀጉሯንስ ማነው የሠራት?»

«እኔ ነኝ።»

«ያስታውቃል። ተበይዷል።»

አንድ እሁድ «እስካሁን ታገሥኩ፤ ትንሽ ደግሞ እታገሣለሁ» ብለው ዘጉት። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል።

በማግስቱ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የሚጠግነው ተስፋዬ ጋ ሄጄ ስልኬ ተበላሽቷል አልኩት። ከፍቶ አየውና መልሶ ገጠመው።

«ስልክህ ጤነኛ ነው። ያላወቅከው አንተ ነህ» አለኝ።

ያስረዳኝ እንዲህ ነው። ምስል እንዳለ አይጓዝም። ተቆራርጦ እያንዳንዱ ቁራጭ አድራሻ ይጻፍበትና ይላካል፤ እዚያ ሲደርስ ይገጣጠማል። አንድ በር ፈታትቼ ልኬ አንጋጫ ላይ እንደምገጥመው ማለት ነው። የድምፅ ቁራጮች ጥቂት ስለሆኑ ሾልከው ያልፋሉ። የምስል ግን ብዙ ናቸው፤ የዘገየውን ቁራጭ ደግሞ ማንም ቆሞ አይጠብቀውም።

«አራተኛው ትውልድ ኔትወርክ ፈጣን ነው አላላችሁም እንዴ?»

«ፈጣን ነው። ታወሩ ግን ለሁላችሁም አንድ ነው። በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ሺህ ጊዜ እየዞረ ለአንተም ትንሽ፣ ለእሷም ትንሽ እያለ ያድላል። ሰው ሲበዛ ድርሻህ ያንሳል።»

«የእኔ እኮ የኔትወርክ ምልክቱ አራቱም መስመር ሙሉ ነው።»

«የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ቤትህ ድረስ ይሰማሃል?»

«በደንብ።»

«ታዲያ ፓስተሩ አሁን አንተን ለማነጋገር ጊዜ አላቸው ማለት ነው?»

እስከ አሥረኛ ክፍል ያልገባኝ ፊዚክስ በዚህች ጥያቄ ገባኝ። መድኃኒቱ ሰው ሁሉ ስልኩን ኪሱ በከተተበት ሰዓት መደወል ነው። እንዲህ ያለ ሰዓት በእኛ አገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አምልኮ ላይ።

አማቴ የሴቶች ኅብረት ሰብሳቢ ናቸው። እንዴት ብዬ እንደነገርኳቸው አትጠይቁኝ። «ስብከቱን አልተውም። ከሱ በኋላ ማስታወቂያ ሲነበብ እወጣለሁ» አሉ። እኔ እንኳ ከባለቤቴ ሞት ወዲህ እሁድ ጠዋት የምውለው ቤት ነው።

ሁለት እሁድ እንደ ቴሌቪዥን ሆነልን። ምሕረት ዘለለች፣ ዘመረች፤ አያቷ ጥርሷን ሳይቀር ቆጠሩ። በሦስተኛው እሁድ ምስሉ ቀጥ አለ። ለካ የኅብረቱ ሴቶች ሰብሳቢያቸው ማስታወቂያ ላይ ወጥተው ግቢው ውስጥ ሲስቁ አይተው ኖሯል። ተከትለዋቸው ወጡ። ደቡብ አፍሪካም አብሮ ወጣ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አማቴ ብየዳ ቤቴ በር ላይ ቆሙ። ትልቅ ሻንጣ ይዘዋል። የምሕረትን ልብስ ሊከቱበት ነው ብዬ አሰብኩ። ወደ ቤት ስንሄድ መንገዱን ሙሉ ሳስረዳቸው ነበር፤ ቁራጩን፣ አድራሻውን፣ እደላውን። ተስፋዬ ቢሰማኝ ይኮራብኝ ነበር። 

እኔ ሥራ ስውል ጎረቤት የምትጠብቃት ምሕረት ሮጣ እግራቸው ላይ ተጠመጠመች። በግ እንደሚገዛ ሰው ጥርሷን አዩ፣ ጆሮዋን አዩ፣ ሆዷን ዳሰሱ።

«ደህና ናት» አሉ።

ከዚያ ሻንጣውን ከፈቱ። ቆጮ አለ፣ ቅቤ አለ፣ አንድ አዲስ ሹራብ አለ። ሹራቡ የወንድ ነው።

«ልጅቷን ሊወስዷት አይደለም እንዴ የመጡት?» አልኩ።

«መጀመሪያ አስቤ ነበር። ስልኩ ሲቆም እሷ ብዙውን ጊዜ ጭጋግ ትሆንብኛለች፤ አንድ ቦታ አትቀመጥማ። ከኋላዋ ያለኸው አንተ ግን ጥርት ብለህ ትታያለህ። አትነቃነቅማ። በየእሁዱ ያው ወንበር፣ ያው ሹራብ፣ ፊትህ ብቻ እያነሰ።» ቅቤውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «አንተ የምሕረት አባት፣ እኔ አንድ ልጅ ቀብሬያለሁ። ይበቃኛል።»

ሁለት ሳምንት ተቀመጡ። እንድበላ ፊቴ ይቀመጣሉ። ምሕረትን ሳይወስዱ ሄዱ፤ መኪና ላይ ሲወጡ ግን «ጥርት ብለህ ከታየኸኝ እመለሳለሁ» አሉኝ።

ስለዚህ አሁን እሁድ ስልኩ ሲከፈት እኔም ከምሕረት ጋር እዘላለሁ። ጎረቤቶቼ በመስኮት እያዩ ሐዘኑ ነካው ይላሉ። አማቴ ግን ሁለት ጭጋግ አይተው ደስ ብሏቸው ይዘጋሉ። ተስፋዬ እንደሚለው አምስተኛው ትውልድ ሲመጣ የሚዘለውም ሰው ጥርት ብሎ ይታያል።

ያኔ የምር ደህና መሆን ሊኖርብኝ ነው።