ማጂ ሄዷል በሉ

በእኛ ሰፈር የትም ያልተጻፈ፣ ሁሉም የሚያከብረው አንድ ሕግ አለ። ነጭ መኪና ቆሞ ሰው በስሙ ከጠየቀ ያ ሰው የለም። ቢኖርም የለም፤ ማጂ ሄዷል። ለምን ማጂ? መንገዱን የሚያውቅ ሰው ተከትሎ አይሄድማ።

ለመሆኑ ጋሽ ወንድሙን ማን ይጠይቀዋል? እዚሁ አማን ከተማ ጃንጥላ ይጠግናል። ዝናብ እያለ ሥራ አያጣም። በጎረምሳነቱ ግን በክራር ዘፍኖ አንድ ካሴት አስቀድቶ ነበር። የገዛው ሰው አላየንም። እሱም «አንድ ሰው እንኳ ሰማሁህ ሳይለኝ እንዳልሞት» ይላል። እኛ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለንና፣ «አርቲስቱ፣ ይቺን ጠግንልን» እያልን እንስቅበታለን።

አንድ ጠዋት ነጭ መኪና መጣ። ቀይ ጢም ያለው ፈረንጅ ከነአስተርጓሚው ወርዶ ወንድሙ የሚባል ሰው የት ነው አለ። ጋሽ ወንድሙ ቀድሞ የእትዬ አስቴር ቡና መጋዘን ገብቶ ከጆንያ ኋላ ተደብቋል። «ማጂ ሄዷል በሉ» ብሎን ነበርና አልን።

ፈረንጁ ሕጋችንን ከየት ይወቀው? አመስግኖን ማጂ ሄደ።

ሲመለስ መኪናውም እሱም ጭቃ ብቻ ነበሩ። ጋሽ ወንድሙ እንደገና ጆንያው ኋላ ገባ። እትዬ አስቴር አንጀቷ አልችል ብሎ ለፈረንጁ መጋዘኑ በር ላይ ወንበር ሰጠችው። እሱም ተስፋ ቆርጦ ነው መሰለኝ፣ ስልኩን አውጥቶ ዘፈን ከፈተ። ክራርና የጎረምሳ ድምፅ። አገሩ ፊንላንድ ውስጥ ወጣቱ ሁሉ በዚህ እንደሚጨፍር አስተርጓሚው ነገረን። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ከጆንያው ኋላ አንድ ያረጀ ድምፅ ተቀበለ።

ጋሽ ወንድሙ ገለባ እንደለበሰ ብቅ አለ። ፈረንጁ እጁን ይዞ አለቀሰ። «እርስዎን እየሰማ ነው ያደገው» አለ አስተርጓሚው።

ጋሽ ወንድሙ ወደ እኛ ዞረ። «ጮክ ብለህ ድገመው፤ እነዚህም ይስሙ።»

ፊንላንድ ሄዶ ሲዘፍን በስልክ አየነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ያ ሁሉ ፈረንጅ አዝማቹን በአማርኛ ይቀበለዋል። ኩራቴን ምን ልበላችሁ፣ እኔ የዘፈንኩ ነው የመሰለኝ። ዛሬም ጃንጥላ ይጠግናል፤ አርቲስቱ ስንለው ግን የሚስቅ የለም።

ሕጉም ተሻረ። ባለፈው ሳምንት ነጭ መኪና መጥቶ እኔን በስሜ ጠየቀ። እኔ በልማዴ ከጆንያው ኋላ ነኝ። ሰፈርተኛው በእልልታ እየመራ አመጣቸው፤ ከፊት ጋሽ ወንድሙ ክራሩን ይመታል። «እዚህ ነው ያለው፣ ግቡ» አላቸው።

ከግብር ቢሮ ነበሩ።