ግድብ ላይ የተጨፈረ ሰርግ

የሰው እግር በከንቱ ሲያልፍ ማየት የማይችል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ ቴፒ ብቅ በሉና ከጎረቤቴ ከእትዬ አስካለ ጋር ላስተዋውቃችሁ።

አምና ጎርፍ ገብቶ ያሰጣነውን ቡና ጠርጎ ስለወሰደ፣ ሰፈሩ ተባብሮ ወንዙ ዳር ትንሽ የአፈር ግድብ ሠራ። ከዚያ ወዲህ እትዬ አስካለ በርጩማቸውን ግድቡ ሥር አስቀምጠው አላፊ አግዳሚውን "በላዩ እለፉ፣ ረገጥ ረገጥ እያደረጋችሁ" ይላሉ። ቄሱም ረግጠዋል፣ ሼሁም ረግጠዋል። የእኔ ውፍረት በሕይወቴ የተመሰገነው እዚያ ብቻ ነው።

ጥር ላይ የሰርግ አጀብ ሲያልፍ እትዬ አስካለ መንገድ ዘጉ።

"ጭፈራችሁን እዚህ ላይ አድርጉት ልጆቼ፤ አፈሩ ገና አልጠበቀም።"

"እማማ፣ የሙሽሪት ጫማ ይበላሻል" አለ ሚዜው።

"ጎርፍ ከመጣ ቤቷም ይበላሻል።"

ሙሽራው ራሱ ከበሮውን ተቀብሎ ግድቡ ላይ ወጣ። አቧራው ሙሽሪትን እስኪሰውራት ተጨፈረ።

ክረምት ሲገባ ጎርፉ መጣ፤ ግድቡን ገፋ ገፋ አደረገና ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። ቤታችንም ቡናችንም ተረፈ። ሙሽሮቹ ከዚያ ወዲህ ስንቴ ተኳርፈው ሽማግሌ ገብቷል፤ ግድቡ ግን አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም።