ድልድይ ጠባቂዋን ማን አበላሻት?

በየመሥሪያ ቤቱ ቢያንስ አንድ ሰው አለ፤ የሁሉንም ነገር መጀመሪያ ያየ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ለእሱ የተበላሸ ነው። ኳስ ድሮ ቀረ፣ መኪና ድሮ ቀረ፣ ሳሙና እንኳን ድሮ ቀረ። ሰው ይሰለቸዋል፤ እሱ የቀረ ቀን ግን ቢሮው ጭር ይላል።

ትልቁ መንገድ ዳር ላለው መነጽር ቤት የደረሰው የአኒሜ፣ የጃፓን ካርቱን ፊልም፣ ሊቅ ነበር። ሥራቸው ዓይን መለካት ነው። ፍሬም የምትሸጠው ባልደረባቸው "ሊቀ አኒሜ" የሚል ማዕረግ ሰጥታቸዋለች። ሰውየው ቅር አላላቸውም፤ ሹመቱ ዘገየ እንጂ አልበዛም ብለው ነው የተቀበሉት።

የሹመቱ መሠረት አንድ ታሪክ ነው። በሁለት ዓለም መካከል የተዘረጋ ድልድይ የምትጠብቅ ልጅ አለች። እናቷ በመጀመሪያው ክፍል ድልድዩን ተሻግራ ትሄዳለች፤ ልጅቷ ትጠብቃለች። ሊቀ አኒሜ ልጅ ሳሉ የጀመረው ይህ ታሪክ ሦስት ጊዜ ተሠርቷል። የመጀመሪያው በእጅ የተሣለ፣ ጭጋግ የበዛበት፣ ሰው ብዙም የማይናገርበት ነው፤ እናትየዋ ሳትመለስ ያልቃል። ሁለተኛው ውስጥ የሚናገር ፈረስ ገባ። ይህኛውን ሊቀ አኒሜ በስሙ አይጠሩትም። "ያ ፈረሱ ያለበት" ይላሉ፣ ስለከዳ ዘመድ እንደሚያወራ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሦስተኛው በኮምፒውተር የተሠራው፣ ቀለሙ ከሩቅ የሚጮኸው፣ ልጆች አሁን የሚያዩት ነው። ለእሱ ያወጡለት ስም "አደጋው" ነው። ዘመንን ራሱ ከአደጋው በፊትና ከአደጋው በኋላ ብለው ይከፍላሉ።

"አይነጻጸርም" ይላሉ። ከዚያ ምሳ ሰዓቱ እስኪያልቅ ያነጻጽራሉ።

አንድ ጎረምሳ የድልድይ ጠባቂዋ ሥዕል ያለበት ካናቴራ ለብሶ ዓይኑን ሊለካ መጣ። ሊቀ አኒሜ ዓይኑን ትተው ደረቱን መረመሩ።

"ካባዋ ሰማያዊ ነው" አሉ።

"አዎ።"

"ግራጫ ነበር።"

"እኔ ስገዛው ሰማያዊ ነው" አለ ልጁ፣ ቀለሙ ለቆ እንደሆነ አንገቱን ደፍቶ እያየ።

"አንተን አይደለም የምወቅሰው።"

ልጁ መነጽሩን ሌላ ቦታ አሠራ። ሊቀ አኒሜ ግን አልተጸጸቱም። "ዓይኑ ችግር እንዳለበት ሳልለካውም ገብቶኛል" አሉ። ጥርሳቸውን በተነቀሉ ማግስት፣ ጉንጫቸው አብጦ አፋቸው አልከፈት ሲል፣ የጭጋጉን አሣሣል በእጃቸው እያወዛወዙ ያስረዱ ሰው ናቸው።

ፍሬም ሻጯ ይህን ሁሉ ለዓመታት በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው ስታፈስ ኖራለች። ከዚያ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ማንም ሳያስገድዳት፣ ጠየቀች።

"ያ የድልድይህ ነገር ከየት ነው የሚጀመረው?"

ሊቀ አኒሜ የጎረሱትን ይዘው ቀሩ። "ምነው፣ በደህና?"

"ልጄ ታየዋለች።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጇ እረፍቱ ሲያልቅ ሌላ ከተማ ወዳለ አዳሪ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። እናትና ልጅ ከ"በላሽ?" እና ከ"በላሁ" ሌላ የሚነጋገሩት ከጠፋ ሰነባብቷል። ልጅቷ በሯን ዘግታ ድልድይ ጠባቂዋን ታያለች፤ አንዳንዴ ትስቃለች። እናት የታጠፈ ልብስ ታቅፋ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ሳቁን ትሰማለች። እንዲህ እንደተዘጋጋች ከሄደች ተዘጋግታ እንዳትቀር ፈርታለች። የምትፈልገው መግቢያ ሰበብ ነው።

ይህን ሁሉ ነገረቻቸው። ሊቀ አኒሜ የሰሙት አንዲት ነገር ብቻ ነው።

"አዲሱን ነው የምታየው?"

"አዲሱን።"

"አንቺ ከመጀመሪያው ጀምሪ። ልጅቷንም ታተርፊያታለሽ።"

ትምህርቱ ተጀመረ። ሌንስ መቁረጫው እየጮኸ ስለ ጭጋግ ተማረች። ስለ ካባ ተማረች። ስለ ዝምታም ተማረች።

"ጠባቂዋ አትናገርም፤ ገባሽ? ዝምታው ነው ሥራው።"

"ዝምታማ ቤቴም ሞልቷል" አለች። አልሰሟትም።

ማታ ማታ ማእድ ቤት ቁጭ ብላ የመጀመሪያውን በስልኳ እያየች፣ ጭጋጉ መሃል እንቅልፍ እየጣላት፣ እንደምንም ጨረሰችው። ሊቀ አኒሜ ፈተኗትና ዝግጁ ነሽ አሏት። ራት ላይ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች።

"ያ የምታዪው ነገር፣ የመጀመሪያው እኮ ነው ዋናው። የአሁኑን አበላሽተውታል። ካባዋ ራሱ ግራጫ ነበር።"

ልጅቷ ሹካዋን አስቀመጠች። "ማነው የላከሽ?"

"ማንም።"

"አዲሱን አይተሽዋል?"

"አላየሁትም። ግን አይነጻጸርም።"

ልጅቷ ሳህኗን ይዛ ክፍሏ ገባች። ከዚያ ወዲያ "በላሽ?" ስትባል እንኳን መልሷ በአንገት ብቻ ሆነ።

በማግስቱ ፍሬም ሻጯ ሊቀ አኒሜን ሰላም ሳትላቸው ሥራ ገባች። እሳቸው መመርመሪያ ክፍሉ ውስጥ አንዲት አሮጊት አስቀምጠው ሌንስ ይቀያይራሉ።

"አሁን ይሻላል፣ ወይስ አሁን?"

"የኋለኛው።"

"ጥሩ። አሁንስ?"

"ፊት ያደረጉልኝ።"

"ጥሩ።"

አሮጊቷ ሰጉ። "ልጄ፣ ተሳሳትኩ እንዴ? የቱ ነበር ትክክሉ?"

ሊቀ አኒሜ ሳቁ። "እዚህ ትክክል የሚባል የለም እማማ። እኔ የምፈልገው ለእርስዎ የሚታይዎትን ነው።"

አሮጊቷን ሸኝተው ሲዞሩ ፍሬም ሻጯ በሩ ላይ ቆማለች።

"ለእሳቸው ሲሆን ትክክል የሚባል የለም" አለች። "እኔን ግን ያንተን ዓይን አድርገህብኝ ልጄ ፊት አቆምከኝ።"

የራቱን ነገር ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው። ሊቀ አኒሜ ስለ ዝምታ ብዙ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ራሳቸው ዝም ሲሉ ግን ታይተው አያውቁም። ያን ቀን ሱቁ እስኪዘጋ አንድም ደንበኛ አላስተማሩም። መዝጊያውን እየቆለፉ፣ ፊታቸውን ወደ ቁልፉ እንዳደረጉ፣ ተናገሩ።

"አዲሱን አብረሻት እዪ። እሷ ካለችበት ክፍል ጀምሪ።" ቁልፉን አወጡ። "ያልገባሽን እሷን ጠይቂ። እኔን አትጠይቂኝ።"

ለሊቀ አኒሜ ይህ ሥልጣን በገዛ ፈቃድ መልቀቅ ነው።

እናት ያን ዕለት የልጇን በር አንኳኳች።

"ሳላይ ነው የተናገርኩት። አብሬሽ ባይ ቅር ይልሻል?"

ልጅቷ እግሯን ሰብስባ አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀችላት።

"ይቺ ማናት?"

"እማ፣ ዝም ብለሽ እዪ።"

ዝም ብላ አየች። በነጋታውም አየች። ልጅቷ ቀስ በቀስ ማስረዳት ጀመረች፤ በኋላማ እያስቆመች ሆነ የምታስረዳው። የመጨረሻው ክፍል ደረሰ። እናትየዋ ድልድዩን ተሻግራ መጣች። ጠባቂዋ አላቀፈቻትም። "የት ነበርሽ?" ብላ ጮኸችባት፤ ክፍሉ ሊያልቅ ጥቂት እስኪቀረው ጮኸችባት።

"ይሄን ነው የምወደው" አለች ልጅቷ። "ትቆጣታለች። በአሮጌው ዝም ነው የምትለው አይደል?"

"ዝም ነው የምትለው" አለች እናት፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ።

ሥራ ገብታ ልትናገር አፏን ስትከፍት ሊቀ አኒሜ እጃቸውን አነሡ።

"መጨረሻውን እንዳትነግሪኝ።"

"አላየኸውም?"

"መጀመሪያው አካባቢ ነው የተውኩት።"

"እና ይሄ ሁሉ ዓመት አደጋው፣ አደጋው ስትል..."

ሊቀ አኒሜ ፍሬም ማሳያውን በጨርቅ መወልወል ጀመሩ። "ልጅ ሆኜ በየክፍሉ መጨረሻ ትመጣለች ብዬ እጠብቅ ነበር። አልመጣችም። አሁን ትመጣለች ይባላል። እንደ ዋዛ ቢያመጧትስ? ይሄን ያህል ጠብቄ ዝም ብላ ብትገባስ?"

ልትስቅ ነበር። ፊታቸውን አየችና ተወችው።

ማታ ለልጇ ነገረቻት። ልጅቷ ተነሥታ ቆመች። "ሳያይ ነው እንዴ ይሄን ሁሉ የሚያወራው? ይምጣ።"

እሑድ ከሰዓት ሊቀ አኒሜ ኮት ለብሰው መጡ። ለቃል ፈተና እንደተጠራ ሰው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እናትየዋ ድልድዩ ላይ ብቅ ስትል ወደ ፊት ዘንበል አሉ፤ ክፍሉ እስኪያልቅም ቀና አላሉም። ልጅቷ ስክሪኑን ትታ እሳቸውን ነበር የምታየው።

"እሺ፣ ጋሼ?"

"አመጣጧን አልነካም" አሉ። የኮታቸውን ቁልፍ ፈቱ። "ጩኸቱ ግን በዝቷል።"

"ጩኸቱ እኮ ነው ዋናው። የአሮጌዋ ዝምታ ምን ዋጋ አለው፤ አፍ የላትም።"

"የመጀመሪያውን እስከ መጨረሻው አይተሽዋል?"

"አላየሁም።"

"ሳታዪ ነው እንዴ የምትፈርጂው?" አሉ ሊቀ አኒሜ፣ ሶፋው ላይ ደልደል ብለው እየተቀመጡ። "አምጪው ስልክሽን።"

ፍሬም ሻጯ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ማእድ ቤት ገባች። በግድግዳው በኩል ሁለቱም ይሰማሉ፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይጀምራል። ስለ ፈረሱ ብቻ ተስማሙ። ልጅቷ እዚህ ቤት ውስጥ በአንድ ከሰዓት ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም። እናት ስንቱን ምሳ ሰዓት በዚያ ሰውዬ ተማርራ እንዳሳለፈች ትዝ አላት። አሁን ግን እንዳይጨርሱ እየጸለየች ነበር።

"እማ፣ ነይ እስቲ አንቺ ፍረጂን። ጋሼ አልሰማ አሉኝ።"

ቧንቧውን ሳትዘጋ ሄደች።