የወ/ሮ ወርቅውሃ ውቃቢ መቅረት ጉዳይ የታየበት ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ አዳማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የውቃቢ ባለሙያዎች መረዳጃ ማኅበር ግቢ
የተጀመረበት ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ 8፡50

የተገኙ የኮሚቴ አባላት፦ አቶ ወዬሳ (ሰብሳቢ)፣ አቶ ፈዬራ (ከወለንጪቲ)፣ ወ/ሮ ዘርፉ፣ ወ/ሮ ወርቅውሃ
ያልተገኙ፦ አቶ ኑሬ (ከሻሸመኔ)፤ ውቃቢያቸው ቅዳሜ መንገድ እንዳይወጡ ስለከለከላቸው በስልክ አስፈቅደዋል።
ጸሐፊ፦ ኃይለየሱስ፤ አባል ያልሆነ፣ የእጅ ጽሑፉ ስለሚነበብ ብቻ የተመደበ፣ ድምፅ የማይሰጥ።

ከአምስቱ አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል። አቶ ፈዬራ የእሳቸው ውቃቢ ለብቻው እንዲቆጠር ጠይቀዋል። ሰብሳቢው መታወቂያ የሌለው እንደማይቆጠር ገልጸዋል።

አጀንዳ 1፦ ውቃቢ የሚወርድበትን ሰዓት ስለመወሰን

ወ/ሮ ዘርፉ፣ ከሁሩታ የሚመጡ ደንበኞች ውቃቢ ሲጠብቁ የመጨረሻው መኪና እያመለጣቸው መሆኑን አስረዱ። ከረጅም ውይይት በኋላ ማንኛውም ውቃቢ ከበሮ በተመታ በሃያ ደቂቃ ውስጥ እንዲወርድ ተወሰነ። ይህን ለውቃቢዎቹ ማን ይንገራቸው የሚል ጥያቄ ተነስቶ፣ ማስታወቂያ በር ላይ እንዲለጠፍ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ውቃቢ ወርዶ ለሚነገር ስድብ ተጠያቂው ማን ነው

ወ/ሮ ዘርፉ፣ አቶ ፈዬራ ባለፈው ወር ውቃቢ ወርዶባቸው ሳለ በደንበኛ ፊት «አሮጊት» ብለው እንደሰደቧቸው አመለከቱ። አቶ ፈዬራ የተናገረው ውቃቢው እንጂ እሳቸው እንዳልሆኑ አስረዱ። ወ/ሮ ዘርፉም እንግዲያው ውቃቢው ራሱ ይቅርታ ይጠይቀኝ አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንዲጠይቅ በሦስት ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ስለ ወ/ሮ ወርቅውሃ

አቶ ፈዬራ፣ በግቢው ውስጥ የማኅበሩን ክፍል ይዘው የሚኖሩት ወ/ሮ ወርቅውሃ ውቃቢ ከወረደባቸው አሥራ አራት ወር እንደሆናቸው ገለጹ። ይባስ ብሎም የመጣውን ሁሉ «ውቃቢዬ አልመጣችልኝም፣ ሐኪም ቤት ሂዱ» እያሉ እንደሚመልሱ፣ አንድ የወለንጪቲ ሰውም በዚህ ምክር ሐኪም ቤት ሄዶ እንደዳነ ከሰሱ።

ወ/ሮ ወርቅውሃ ሲመልሱ፦ «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ትመጣልኝ ነበር። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ቀረች። ሳትመጣ መጣች ብዬ ልዋሽ?» አሉ።

ሰብሳቢው ሌሎቹ አባላት እንዴት እንደሚያደርጉ ማብራራት ጀምረው ተዉት።

ወ/ሮ ወርቅውሃ እዚሁ በኮሚቴው ፊት ውቃቢ እንዲወርድባቸው፣ ካልወረደም የባለሙያነት ምስክር ወረቀታቸውንና የሚኖሩበትን ክፍል እንዲያስረክቡ በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ።

ወ/ሮ ዘርፉ ከበሮ መቱ፤ አባላት አጨበጨቡ። ወ/ሮ ወርቅውሃ ዓይናቸውን ጨፍነው ሃያ ደቂቃ ከተቀመጡ በኋላ ገልጠው «የለችም» አሉ። አቶ ፈዬራ እንዴት እንደሚወርድ ላሳያቸው ብለው ተነሱ፤ ወዲያውም ወረደባቸው። እየተንቀጠቀጡ ሳለ ስልካቸው ጮኸ። ማን እንደደወለ አይተው፣ ወደ ኪሳቸው መልሰው መንቀጥቀጡን ቀጠሉ። ከበሮው አልቆመም።

ከ10፡05 እስከ 10፡30 የሆነውን ጸሐፊው አልያዘም። በሰዓቱ ስብሰባው ላይ ነበር፤ አያውቀውም እንጂ። ከዚህ በታች ያለው ከአባላት ተጠይቆ የተጻፈ ነው።

ጸሐፊው እስክሪብቶውን ጥሎ መወዛወዝ ጀመረ። ጠረጴዛው ተገለበጠ። ከዚያም የእሱ ባልሆነ ድምፅ ጮኸ። ሰብሳቢው ያለ ጫማቸው ወደ አስፋልቱ ወጡ። አቶ ፈዬራ ደንግጠው «ያ ዋቅ!» ብለው ፈጣሪን እየጠሩ በመስኮት ወጡ። ወ/ሮ ዘርፉ ከበሮውን ለቀው አማተቡ።

ወ/ሮ ወርቅውሃ ከቦታቸው ተነስተው መሬት ተቀመጡ፤ የጸሐፊውንም ራስ ጭናቸው ላይ አደረጉ። «አይዞህ። አትታገል። እኔ አለሁ» አሉት። ጸሐፊው ከሁሉም የሚያስታውሰው ግንባሩ ላይ የነበረውን እጅ ብቻ ነው። ሲረጋጋ ስሙን ጠየቁት። «ኃይለየሱስ» አለ። «በቃ፣ ተመልሰሃል» ብለው ውኃ አጠጡት። ማልቀሱ ተነግሮታል። ለምን እንዳለቀሰ አያውቅም፤ ቀለል ብሎታል።

ሰብሳቢው ሲመለሱ፣ ጸሐፊው አባል ስላልሆነ የወረደበት እንዳልወረደ እንዲቆጠር ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ ወርቅውሃ «አቶ ወዬሳ፣ ከዛሬ በፊት እውነተኛውን አይተው ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው ሐሳባቸውን ትተው ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ። አቶ ፈዬራ ወደ ስብሰባው ክፍል ተመልሰው ለመግባት ፈቃደኛ ባለመሆናቸው ከደጅ ሆነው፣ ቶሎ ወደ ቤት የሚያስኬድን ማንኛውንም ውሳኔ እንደሚደግፉ አሳወቁ። ወ/ሮ ዘርፉ፣ እኒህን ሴት ከዚህ ግቢ የሚያስወጣ ካለ ቀድመው እሳቸው እንደሚወጡ ተናገሩ።

ስለሆነም በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 የተወሰነው በሙሉ እንዲሻር፣ ወ/ሮ ወርቅውሃም ውቃቢ መጣም ቀረ ክፍላቸውን እንደያዙ እንዲቀጥሉ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ጸሐፊው በእሱ ላይ የሆነውም አብሮ ተሽሮ እንደሆነ ጠየቀ። ሰብሳቢው «ተሽሯል» አሉ። ወ/ሮ ወርቅውሃ ግን ወደ ጸሐፊው ጠጋ ብለው «ነገ ከሰዓት ቤቴ ና፤ ቁጭ ብለን እናወራለን» አሉት። ይህ የኮሚቴው ውሳኔ አይደለም። ጸሐፊው እሄዳለሁ ብሏል።

አባላት ከ11፡20 ጀምሮ ተበትነዋል።