የሙሉጌታ ትራስ

በሰው ቤትና በሰው መኪና መቅናት ያለ ነው። በሰው ትራስ መቅናት ግን ለእኔ ብቻ የተሰጠ ሳይሆን አይቀርም። አትሳቁ። እኔማ ያን ሰሞን መሳቅ ብፈልግም አልችልም ነበር፣ ስፌቱ ይጎትተኛላ።

መርሳ ላይ የመኪና ዕቃ እሸጣለሁ። ጎረቤቴ ሙሉጌታ ከመርሳ ወልድያ ሚኒባስ ይነዳል። ሁለታችንም ቡአ ነበረብንና ወልድያ ሄደን በአንድ ቀን ኦፕራሲዮን ሆንን። የምንወጣ ዕለት ነርሷ መጥታ «ሕመሙ እንዴት ነው?» አለችኝ። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኛ አገር እንዴት ነህ ለሚል ሰው መልሱ አንድ ነው፤ ቤት እየተቃጠለም ቢሆን መጀመሪያ ፈጣሪ ይመሰገናል። «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኳት ጥርሴን ነክሼ። አመነችኝ። ጥቂት ኪኒን ሰጥታኝ አለፈች።

ሙሉጌታን ስትጠይቀው ግን ያ ይሉኝታ ቢስ «ኧረ ሲስተር፣ ሳስል ሆዴ የሚተረተር ነው የሚመስለኝ!» አላት። አጠገቡ ተቀመጠች። ሲያስል ትራስ ሆዱ ላይ ደግፎ እንዲይዝ አሳየችው፣ መድኃኒቱን ሕመሙ እስኪብስ ሳይጠብቅ በሰዓቱ እንዲውጥ መከረችው፣ ሌላ ኪኒንም ጨመረችለት። ሁሉንም ሰምቻለሁ። ግን ደህና ነኝ ያለ ሰው በምን ፊቱ ትራስ ያቅፋል? መርሳ እስክንደርስ መኪናው በናጠን ቁጥር እሱ ትራሱን እቅፍ፣ እኔ የበሩን እጀታ ጭምድድ።

ቤት ስገባ ባሰ። ጠያቂ ይመጣል፤ ደህና ነኝ ስለው «እንኳን እግዜር ማረህ» ብሎ ካመጣው ማንጎ ግማሹን ይዞ ወደ ሙሉጌታ ይሻገራል። እሱ ሲያቃስት፣ ሰዉ «እኔን! እኔን!» ሲልለት በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። በአራተኛው ቀን ያ አቃሳች ተነስቶ ደጄ ላይ ሲንጎራደድ በመስኮት አየሁት። እኔ ደህናው ሰውዬ ግን ከአልጋ መውረድ አቅቶኛል! ቅናቱ ከስፌቱ በላይ ጠዘጠዘኝ።

እሱን እያየሁ አስነጠሰኝ። ጩኸቴን የሰማችው ባለቤቴ አስካለ ወጥታ ሙሉጌታን ከነትራሱ አስከትላ መጣች።

«ያምሃል?» አለኝ።

«ተመስገን፣ ደህና...»

«እኔ ነርሷ አይደለሁም። ያምሃል ወይ?»

«ያመኛል» አልኩት። እንባዬም መጣ።

«አራት ቀን ሙሉ!» አለች አስካለ። ትራሱን ከሙሉጌታ ተቀብላ ሆዴ ላይ አስቀመጠችልኝ።

በማግስቱ ወልድያ ተመለስን። ሙሉጌታም ቀጠሮ ነበረውና አብሮን ተሳፈረ። መናኸሪያው ላይ የሥራ ጓደኞቹ «አንተ አልቃሻ! ጎረቤትህ እንኳ ትንፍሽ አላለም» እያሉ ሲስቁበት ትራሱን ታቅፌ ዝም አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስም አለኝ።

ለነርሷ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ቁስሌን አየች፣ መድኃኒቴን አስተካከለች፤ አጠገቤም ተቀመጠች። ቀጥላ ወደ ሙሉጌታ ዞረች።

«እርስዎስ? ያምዎታል?»

«ተመስገን፣ ደህና ነኝ» አለ ሙሉጌታ። በአንድ እጁ ሆዱን ደግፎ ይዟል።

«ይዋሻል፣ ሲስተር» አልኳት፤ ትራሱንም መለስኩለት።