ለቴሌቪዥን የሚነሱት ሰው

ቴሌቪዥን ሲያዩ ቴሌቪዥኑም መልሶ የሚያያቸው የሚመስላቸው ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ ነገሌ ላይ አንድ ገጥመውኛል። ኦቦ ጉዮ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን ከብት ገበያ ያሳለፉ ሽማግሌ ናቸው።

የኦሊምፒክ መክፈቻ ዕለት ቴሌቪዥን የምናይበት ሻይ ቤት ጢም ብሎ ሞልቷል። የየአገሩ ስፖርተኞች ባንዲራቸውን ይዘው መግባት ሲጀምሩ፣ ኦቦ ጉዮ ከፊት ወንበር ብድግ አሉ።

«ናጋ? ሰላም ናችሁ? ከብቱ ደህና ነው? ዝናቡስ?»

አንዱ አገር አልፎ ሌላው ሲገባ እንደ አዲስ ይጀምራሉ። ከኋላ ለተቀመጥነው፣ ዓለም ማለት የኦቦ ጉዮ ጀርባ ሆነ።

«ኦቦ፣ እባክዎ ይቀመጡልን!» አልናቸው።

«እንግዳ እየገባ?»

ሁለት ስፖርተኛ ብቻ ያላት ደሴት ስትገባማ ደነገጡ። «የቀሩት ምን ሆነው ነው?»

የእኛ ልጆች ተራ ሲደርስ ቤቱ በጩኸት ተናወጠ፤ ሁላችንም ተነስተን ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋን። ኦቦ ጉዮ ግን ቁጭ አሉ።

«የቤት ልጅ ሲገባ ማን ይነሳል?»

አሁን ደግሞ የእኛ ጀርባ ከለላቸው። ከኋላችን ድምፃቸው መጣ፤

«ልጆቹ ገቡ?»

«ገቡ፣ ኦቦ።»

«ናጋ?»

«ናጋ!» አልን በአንድ አፍ።

ያን ሁሉ አገር ሰላም ብለው፣ መልስ ያገኙት ያኔ ብቻ ነው።