አፈ ጉባኤው «ይጸድቃል» ያሉ ዕለት

በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ሰፈር አለ፤ የፖለቲካ ተንታኝ ያለበትና ተንታኙ የሞተበት። ጆሮው የሚያርፈው ሁለተኛው ነው።

የኛ ተንታኝ በሕይወት አሉ። ሙያቸው ልብስ ስፌት፣ ማዕረጋቸው «ክቡር አፈ ጉባኤ»። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ነን፤ ይቀየማሉ ስንል ደስ ብሏቸው ተቀበሉት። ትንቢት ሲመጣባቸው የስፌት መኪናው ፔዳል ቀጥ ይላል፣ አፋቸው ውስጥ የያዟቸው ስፒሎች አንድ በአንድ ይወጣሉ፣ ከዚያ «ይቺን ቃሌን ያዙልኝ!» ይላሉ። እኛም እንይዝላቸዋለን። ክቡርነታቸው ስተው የማያውቁት ነገር ቢኖር መሳትን ብቻ ነውና።

«ከንቲባው ዘንድሮ ይወርዳሉ» ሲሉ ከንቲባው በሰፊ ድምፅ ተመረጡ። «የአውቶቡስ ታሪፍ አይነካም» ሲሉ በነጋታው ተነካ። «ዛሬ ዝናብ ጠብ አይልም» ያሉ እንደሆነ ደግሞ የግቢው ሰው ሁሉ ከገመድ ላይ ልብሱን ለማንሳት ይሯሯጣል። ጎረቤታችን ነርሷማ ልጇ ፈተና ሊቀመጥ መሆኑን እንዳንነግራቸው አስምላናለች፤ «ያልፋል» ቢሉባትስ? ይህን ሁሉ እሳቸው አያውቁም ብለን ነበር የምናስበው።

እንግዲህ መንግሥት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ዳኞች ከሰባት ወደ አሥራ አንድ ላሳድግ ብሎ ለምክር ቤቱ ረቂቅ ሕግ አቀረበ። አንዱ «ሥራ ለማቃለል ነው» ይላል፣ ሌላው «የራሳቸውን ሰው ለመሰግሰግ ነው» ይላል። እኛ ቤት ግን ነገሩ የአክስቴ ቤት ጉዳይ ነበር። አክስቴ ከሟች ባሏ ወንድም ጋር በቤቷ ስትሟገት አርጅታ፣ ጉዳይዋ እላይ ደርሶ፣ ፍርድ መስማት ብቻ ቀርቷታል። ረቂቁ ከጸደቀ ያልተፈረደበት መዝገብ ሁሉ ለአዲሶቹ ችሎቶች ይከፋፈልና ክርክሩ እንደ አዲስ ይጀመራል።

«እንደ አዲስ!» ትላለች አክስቴ። «እኔ ራሴ እንደ አዲስ ካልተወለድኩ በየትኛው ዕድሜዬ?»

ክቡርነታቸው የሱሪዬን ወገብ ሊያሰፉልኝ እየለኩኝ ሳለ ስፒሎቹ መውጣት ጀመሩ።

«አይጸድቅም» አሉ። «ወገብ የሚሰፋው ውስጡ ትርፍ ጨርቅ ሲኖር ነው። እነዚህ ሰዎች ትርፍ ድምፅ የላቸውም። ከራሳቸው ወገን እንኳ፣ ዛሬ አራት ብንጨምር ነገ ተቃዋሚው ሲመጣ ስምንት ይጨምርብናል ብሎ የሚፈራ ሞልቷል። ይቺን ቃሌን ያዙልኝ!»

ጉድ ፈላ! ወሬው እኔን ቀድሞ ቤት ደረሰ። አክስቴ ሶፋው ላይ ዘፍ ብላ «አይጸድቅም አለ? በቃ፣ አለቀልኝ!» እያለች ታለቅሳለች። እህል ውሃ እምቢ አለች። በማግስቱ ሳህኖቿን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመረች።

ቢጨንቀኝ ተመልሼ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እስቲ እንደገና ያስቡበት፤ ቢጸድቅስ?»

«ምን ነካህ ልጄ? እኔ ቃሌን አጥፌ አውቃለሁ?»

«አይ፣ አክስቴ…» ብዬ ምላሴን ያዝኩ።

«ምን ሆኑ?»

«ዕቃ እየጠቀለለች ነው።»

ፔዳሉ ቆመ። ትንቢት ግን አልመጣም።

አመሻሹ ላይ ኮታቸውን ለብሰው የአክስቴ በር ላይ ቆሙና ግቢው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «እትዬ፣ ስሌቱን ስቼው ኖሯል። ይጸድቃል! ያለ ጥርጥር ይጸድቃል! ይቺን ቃሌን ያዙልኝ!»

አክስቴ ዘላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። «ክፉ አይንካህ ወንድሜ! ዕድሜህን ያርዝመው!» ያን ቀን ራቷን በላች። ሳህኖቹም ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ረቂቁ ወደቀ። የጣሉት ከገዢው ወገን ያፈነገጡ አባላት ናቸው። አንዳቸው በሬዲዮ ምክንያታቸውን ሲናገሩ ሰማሁ፤ «ዛሬ አራት ብንጨምር ነገ ስምንት ይጨመርብናል» አሉ። ብዙ ሳይቆይ ሰባቱ ዳኞች ቤቱን ለአክስቴ ፈረዱላት። እፎይ! እንዲህ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

ሰፈሩ ግን ክቡርነታቸውን መፈናፈኛ አሳጣቸው። «ይጸድቃል ብለው አልነበር እንዴ?» ይላል ያለፈ ያገደመው። እሳቸው ይስቃሉ። «ተሳሳትኩ፤ ምን ይደረግ!»

ሱሪዬን ልወስድ ሄጄ አላስችል አለኝ። «ጋሼ፣ የመጀመሪያው እኮ ልክ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ልክ ሆነው ቢታዩ ምን ነበረበት?»

«መስኮቴ ወደ ግቢው ነው ልጄ» አሉ ሱሪዬን እያጠፉ። «ስንት ዘመን ልብስ ስታነሱ እያየሁ! እኔ ልክ ልሁን ብዬ እትዬ ጾማቸውን ይደሩ?»

ሱሪዬን ተቀበልኳቸው። በሩ ላይ ስደርስ ጠሩኝ።

«ጃንጥላህን ተወው፣ ዛሬ ዝናብ ጠብ አይልም። ይቺን ቃሌን ያዝልኝ!»

ጃንጥላዬን እዚያው ትቼ ወጣሁ። መታጠፊያው ጋ ሳልደርስ ዶፉ ወረደብኝ፤ ሱሪዬን ታቅፌ እየሳቅኩ ቤቴ ገባሁ።